«ምንም አይደለም» ያልኳት ቀይ መብራት

የኑሮውን ነገር በማለዳ አታስነሱብኝ! በነገራችን ላይ የዛሬው ጨዋታችንም ስለ «አልነሳም» ባይ ነው…

ባለፈው ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ይህ ዓምድ የለመደው «ጥላኝ ሄደች፣ ምን ላድርግ?» ዓይነቱን ነው። የዚህኛው ለየት ይላል። አሳጥሬ ላቅርብላችሁ፦

«በእቁብም በብድርም ብዬ አንዲት ያገለገለች ቪትስ ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለኛለች። አንዱ መካኒክ ‹ባትሪ ነው› ብሎ አስቀየረኝ። ሁለት ሳምንት ሠርታ ያው ሆነች። ሌላው ‹ሞተሪኖዋ ነው› አለ፤ እሱም ተቀየረ። አሁን ሦስተኛው ‹ኮምፒውተሯ ነው› እያለኝ ነው። ገንዘቤ አልቋል። ስንት እንዳወጣሁ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ልሽጣት ወይስ ልታገሳት?»

(ልሽጣት ያለው መኪናዋን ነው፣ እንዳትሳሳቱ!)

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለት ብልሽት አገኘሁበት። አንደኛው ኮፈኑ ሥር ነው። ሁለተኛው «ለባለቤቴ አልነገርኳትም» ያልካት መስመር ላይ ነው። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ቦታ፣ ኮን ላይ አስቁመውኛልና። እስቲ መጀመሪያ የእኔን ጉድ ስማ፤ የመኪናህን ነገር ከዚያ እንመለስበታለን።

ጊዜው የ2011 ዓ.ም የገና ሰሞን ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ላይ ጋሸናና አካባቢው የጦር አውድማ ከመሆናቸው በፊት ማለቴ ነው። እኔና ላገባት የማስባት ልጅ ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ ልንሄድ ተነሳን። እናቷ እዚያ ናቸው። «እማዬ፣ ላገባው ያሰብኩት ልጅ ይሄ ነው» ልትል፣ እኔም ጉልበት ስሜ ልመረቅ፣ ገናንም ከቤተሰቡ ጋር ላሳልፍ። ታናሽ ወንድሟ የኋላ ወንበር ላይ አለ፤ ጠባቂ ይሁን ተሳፋሪ አልገባኝም።

መኪናዋ የጓደኛዬ ነች። አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ፤ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሳትሆን አትቀርም። ለምን ተዋስኳት? በአውቶቡስ ሄጄ አማች ፊት መቆም አነሰኛ! ያኔ የወጣትነት ነገር፣ መኪና የያዘ ሁሉ ሰው የሚመስለኝ ዘመን ነበር።

እናላችሁ፣ ወረታን አልፈን የደብረ ታቦርን አቀበት ስንጨርስ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት በራች። የባትሪ ሥዕል ያለባት። ጠፋች፣ በራች፣ ደግሞ በርታ ቀረች።

«ያቺ ቀይ መብራት ምንድን ናት?» አለች እሷ።

«ምንም አይደለም። አሮጌ መኪና አይደለች? እንዲህ እያለች ነው የምትሄደው።»

ምን እንደሆነች ባውቅ ጥሩ! አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከኮፈኑ ሥር «ጭ…ጭ…ጭርርር» የሚል ድምፅ መጣ። ወንድሟ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ይጮሃል» አለኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሙዚቃውን ከፍ አደረግሁት! እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ያሳፍረኛል።

ንፋስ መውጫን ስናልፍ መሸ። ትልቁን መብራት አበራሁ። ብርዱ ሲጠና ማሞቂያውን ከፈትኩ። የሦስታችንም ስልክ በየተራ ቻርጅ ይደረጋል፤ ሙዚቃውም እንዳለ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ኮን ገባን።

ኮንን ለማታውቁ፦ ሰሜን ወሎ ውስጥ የዋድላ ወረዳ ከተማ ነች፤ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ላይ። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ኮንን አልፎ ጋሸና ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ዋድላ ማለት ያ በቅኔ ቤቱ ስሙ የሚጠራው ዋድላ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ኮን ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። የታኅሣሥን ሌሊት ያደረበት ያውቀዋል።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ደግ ሴት ናቸው፣ «ልጆቼ፣ በዚህ ጨለማ ጋሸና ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እደሩ» አሉን። ጾም ነው፤ ትኩስ ሽሮ በልተን እሷ ለብቻዋ፣ እኔና ወንድሟ አንድ ክፍል አደርን። በነጋታው ዋዜማ ነው። እናትየው ከሰዓት በኋላ ይጠብቁናል።

ጠዋት ብንወጣ የመኪናዋ መስታወት በውርጭ ነጭ ሆኗል። ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። «እ…እ…እ…» አለች፤ አቀበት እንደከበደው ሽማግሌ። ደግሜ አዞርኩ። «እ…» ሦስተኛ… «ቅጭ!» አራተኛ… «ቅጭ!»

አዋቂ ነኝ ባይ አይደለሁ? ነዳጅ መስጫውን አሥር ጊዜ ረገጥኩት። ግቢው በቤንዚን ሽታ ታወደ። ከዚያ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩና አገጬን ይዤ ቆምኩ። ሐኪም መሰልኩ እንጂ ከዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ በስሙ የማውቀው ባትሪውን ብቻ ነበር።

«ምኗን ነው?» አለች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ።

«ነዳጁ ነው። ቆሻሻ ነገር ቀላቅለው ነው የሚሸጡት፣ እነዚህ ሰዎች!»

ከጎናችን አንድ አይሱዙ ቆሟል። ሾፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጋቢውን ደርቦ፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንዳቀፈ መጣ። መኪናዋን አልነካም። ጠየቀኝ እንጂ።

«ምን አለችህ?»

«አልነሳም አለች።»

«እሱንማ አየሁ። ምን ድምፅ ሰጠች ነው የምልህ?»

መልስ አጣሁ። አራት ጊዜ ቁልፍ አዙሬያለሁ፣ አንዴም አላዳመጥኩም! ከኋላዬ እሷ መለሰች፦ «መጀመሪያ እንደ ደከመው ሰው አቃሰተች፤ በኋላ ቅጭ ብላ ዝም።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱን፣ አሥራ ስምንት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፣ ጠራና ከፊት አቆመው። እኔን «መብራት አብራና ቁልፉን አዙር» አለኝ። አዞርኩ። «ቅጭ!» ልጁ «መብራቱ ድርግም አለ!» ብሎ ጮኸ።

«አየህ፣ ነዳጅ አይደለም» አለ ሾፌሩ። «ነዳጅ ያጣች መኪና ትዞራለች እንጂ አትተኛም። ይህቺ የመዞሪያ ጉልበት የላትም። ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ ጉልበቱ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቷል።»

ልጁ የባትሪውን ራስ አሳየኝ። ማያያዣዎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። የቤቱ ባለቤት ሙቅ ውሃ ሰጡት፤ ፈትቶ አጠበ፣ በቢላ ፍቆ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳ፣ መልሶ አጥብቆ አሰረ። አዞርን። ትንሽ «እ…እ…» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው ፊቴን እያየ የጠየቀኝ፦ «ትናንት ስትመጡ ቀይ መብራት አልበራችም?»

አሁንም እውነቱን መናገር እችል ነበር… «ልብ አላልኩም» አልኩት!

ዝም ተባለ። ከዚያ እሷ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «ከደብረ ታቦር ጀምሮ በርታ ነበር። ጠይቄው ነበር» አለች።

ሰውየው ሻዩን ጠጣና «መኪና አትዋሽም» አለ። «የሚዋሸው ነጂው ነው።»

ቺንጋውን በጣቱ ተጫነው። እንደ ላላ የበገና አውታር ወደ ውስጥ ገባለት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባትሪ ኃይል ያስቀምጣል እንጂ አያመርትም። መኪናዋ ስትሄድ የሚያመርተው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ቺንጋው ነው። ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ፣ እየጮኸ፣ ዲናሞው ሥራ ፈትቷል። እኛ ደግሞ በመብራት፣ በማሞቂያና በሙዚቃ ባትሪውን ስንግጥ አመሸን። ቀሪውን ውርጩ ጨረሰው። ያ ጩኸት ለሰዓታት «ኧረ ስሙኝ!» ሲል እኔ ሙዚቃ ጨመርኩበት።

ከተሰበሰቡት ሰዎች መሃል አንድ የቅኔ ተማሪ ነበር። ፈገግ ብሎ «ሰሙ ባትሪ፣ ወርቁ ቺንጋ!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። «ወርቁስ ሌላ ነው» አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

ልጁ የዲናሞውን ብሎን አላልቶ፣ በዱላ ወደ ውጭ ወጥሮ ያዘና መልሶ አጠበቀው። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ዝቅ አለ። ካንዴላዎቹን ሲያወጣቸው ርሰው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። ይህ እንኳ የእኔ እግር ሥራ ነው! በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ባለ ካርቡራተር መኪና ነዳጅ ሲበዛባት በቀላሉ ትታፈናለች። አድርቆ መለሳቸው።

እኔም ቸኩዬ «ጋሼ፣ ከአይሱዙው በኬብል አገናኝተን እናስነሳት» ስል ሰውየው ደነገጠ። «የእኔ 24 ቮልት ነው፣ ያንተ 12! ልታቃጥላት ነው?» ስለዚህ በግፊ ሆነ። ወንድሟ፣ ረዳቱ፣ የቅኔው ተማሪና ሌሎች ሁለት ሰዎች ከኋላ። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ማርሽ ሁለተኛ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ቁልቁል ስትፈጥን ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። «ድር…ድር…ድርርር!» ተነሳች።

«ላሊበላ እስክትደርስ እንዳታጠፋት» አለኝ ሰውየው። «መብራት አታብራ። ሙዚቃም አትክፈት።» ገንዘብ ብሰጠው እንቢ አለ። ለልጁ ለሻይ ሰጥቼ ወጣን።

ከኮን እስከ ጋሸና ማንም አልተናገረም። ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ጋሸና ላይ ወደ ግራ ስንታጠፍ እሷ መንገዱን እያየች እንዲህ አለችኝ፦ «መኪናዋ በመቆሟ አልተናደድኩም። ሌላ ‹ምንም አይደለም› ያልከኝ ነገር አለ?»

ነበር። የምሠራበት ፕሮጀክት ኅዳር ላይ ተዘግቶ ሥራ ፈትቼያለሁ። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ለሥራ የወጣሁ መስዬ እየደወልኩላት ሐይቁ ዳር ነበር የምውለው። ወንድሟ ከኋላ እየሰማ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ እስከ ላሊበላ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል የረዘመብኝ መንገድ ግን አላስታውስም።

ደረስን። እናትየው በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። እሷ እናቷን አቅፋ ሳመችና ወደ እኔ ዘወር ብላ እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ከባሕር ዳር መኪናዋን የነዳልን ልጅ ነው።»

ሾፌር ሆኜ ቀረሁላችሁ!

በገና ሌሊት ቤተ ማርያም ሄድኩ። ንጋት ላይ ካህናቱ ከላይ ከታች ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ፣ ያ ሁሉ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲያጨበጭብ፣ ከማዶ ከእናቷ ጎን አየኋት። አየችኝ። ፊቷን አላዞረችም፤ አልጠራችኝምም።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አዲስ ሥራ እስካገኝ አይደለም፤ እሱን በአራት ወር አገኘሁ። ሁለት ዓመት የፈጀብኝ «ምንም አይደለም» ስላት እንድታምነኝ ነው። ዛሬ ባለቤቴ ነች። ይህንን ጽሑፍም ከአርታዒው በፊት አንብባዋለች።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ወንድሜ። አትሽጣት! መጀመሪያ አዳምጣት። መካኒኮችህ ዕቃ ቀየሩ እንጂ እንዳንተ አጻጻፍ አንድም «ምን ድምፅ ሰጠች?» ብሎ የጠየቀህ የለም። ኮን ላይ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ጠይቄ ያገኘሁትን በቅደም ተከተል ልንገርህ። ከነጻው ጀምረህ ወደ ውዱ ሂድ።

አንደኛ፦ የማትዞር ከሆነ፣ ማለትም «ቅጭ» ወይም «ቅጭቅጭቅጭ» ካለች፣ ትልቁን መብራት አብርተህ ቁልፉን አዙር። መብራቱ ድርግም ካለ ጉዳዩ ባትሪው ወይም ማያያዣው ነው፤ መጀመሪያ አጽዳና አጥብቅ። መብራቱ ቦግ እንዳለ አንድ «ቅጭ» ብቻ ከሰማህ ያኔ ሞተሪኖውን ጠርጥር። መብራቱ ደህና ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ መሆኑን እይ፤ ከዚያ ፊውዝ። ስንቱ በዚህ ተጎትቶ ጋራዥ ገብቷል መሰለህ!

ሁለተኛ፦ በደንብ እየዞረች የማትነሳ ከሆነ ባትሪዋን አትንካ፤ ጉልበት አላት። የጎደለው ወይ ነዳጅ ወይ እሳት ነው። የነዳጅ መለኪያው ራሱ ሊዋሽ ይችላል። እንደ ቪትስ ያለች መኪና ላይ የነዳጅ ፓምፑ ከኋላ ወንበር በኩል ነው፤ እሱን አስፈትሽ። ፓምፑ ከሠራ ካንዴላና ኮይል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ታፍናለችና አሥር ደቂቃ ተዋት። በማንኛውም ጊዜ ደግሞ ቁልፉን ከአሥር ሴኮንድ በላይ ይዘህ አታቁም፤ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ አሳርፋት። አለዚያ አንድ ብልሽት ይዘህ ገብተህ ሦስት ይዘህ ትወጣለህ። እኔን ያየ ይቀጣ!

ሦስተኛው በተለይ ለአንተ ነው። አዲስ ባትሪ በሁለት ሳምንት ከሞተ «ባትሪ ነው» ማለት አይበቃም፤ ማን ገደለው? ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ ዲናሞው ነው፦ ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ባትሪው ላይ በቴስተር አስለካ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ከሆነ እየሞላ ነው፤ 12 ላይ ከተንከባለለ ባትሪ ስትቀይር ትኖራለህ። ሁለተኛው የሌሊት ሌባ ነው፦ በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ቴፕ፣ ሳይጠፋ የሚያድር የዕቃ መጫኛ መብራት። ማታ ስትገባ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተህ እደር። ጠዋት መልሰህ ስታስረው ቀጥ ብላ ከተነሳች ሌባው ተይዟል። ምንም አያስወጣህም!

ብርድም አይናቅ። ዜሮ ዲግሪ ገደማ ላይ ባትሪ ከማስነሻ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። አዲስ አበባ ላይ «ደህና ነኝ» ያለ ደካማ ባትሪ ደጋ ሲወጣ እውነቱን ይናገራል። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ከሆነ በግፊ አትነሳም፣ አትልፋ። ከሌላ ባለ 12 ቮልት መኪና በኬብል ስታስነሳ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ የመጨረሻውን ጥቁር ጫፍ ደግሞ ከሞተሩ ባዶ ብረት ጋር፣ ከባትሪው ራቅ አድርገህ አገናኝ፤ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ይተፋልና።

«እኔስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት» የምትሉም አትኩሩ! በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በዝታችኋል። ትልቁ ባትሪያችሁ ጢም ብሎ ሳለ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች መኪናችሁ ዓይኗንም አትገልጥም።

ኮምፒውተሯ? እሱ የመጨረሻው ነው። ከላይ ያሉትን ሁሉ አይተህ፣ ያውም በመሣሪያ አስነብበህ እንጂ በግምት እንዳታስነካ።

አሁን ሁለተኛው ብልሽት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። ደረሰኞቹን ሰብስብና ዛሬ ማታ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ በሉ። ትቆጣለች፤ ትቆጣ! የሚጮህ ቺንጋ ሊጠብቅ ይችላል። ዝም ብላ ስትተውህ ነው መፍራት። ደግሞ ማን ያውቃል፣ የኔዋ ቆማ የሰማችውን ድምፅ እኔ መሪ ጨብጬ አልሰማሁትም ነበር፤ የአንተዋም ያልሰማኸውን ሰምታ ይሆናል።

ባለቤቴ ይህንን ካነበበች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጨምር አለችኝ፦ «‹አላውቅም› ብትለኝ ኖሮ ያን ቀን እናቴ ቤት በባልነት ትገባ ነበር በለው።» ይኸው ጨመርኩ።

ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰንብተን!